ሕዝቡ ተዘናጋ ወይስ ተማረረ?

በ2012 ዓ.ም. የመጨረሻ ወራት ሬዲዮ የከፈተ ወይም ቴሌቪዥን ያየ ሰው አንድ ቃል ሳይሰማ አያድርም ነበር። ቃሉ “መዘናጋት” ነው። በኅብረተሰቡ ዘንድ መዘናጋት ይስተዋላል፤ ከመዘናጋት እንቆጠብ፤ መዘናጋቱ ዋጋ እንዳያስከፍለን... ዜናው በዚህ ይጀምራል፣ ማስታወቂያው በዚህ ያልቃል። ሰው ታክሲ ውስጥ ተጠጋግቶ ከተቀመጠ ተዘናግቷል። ገበያ ከሞላ ሕዝቡ ተዘናግቷል። ጭምብሉን አገጩ ላይ ያወረደ ደግሞ የመዘናጋት ዋና ምሳሌ ሆኖ በካሜራ ይቀረጻል፤ ምሽት ላይ በዜና ይታያል።

ያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዛሬ የዜና አጻጻፍ እየተማርኩ ያንን ቃል ደግሜ ሳስበው ግን አንድ ጥያቄ አልለቅ ይለኛል። ለመሆኑ ሕዝቡ በእርግጥ ተዘናግቶ ነበር ወይስ ተማሮ? ሁለቱ እኮ አንድ አይደሉም። የተዘናጋ ሰው አደጋውን ረስቷል። የተማረረ ሰው ግን አደጋውን ያውቃል፤ ነገር ግን ከአደጋው የባሰ ነገር ቤቱ ገብቶበታል። ለተዘናጋው ማስታወስ ይበቃዋል፤ የተማረረውን ግን መጠየቅና ማዳመጥ ያስፈልጋል። መገናኛ ብዙኃኖቻችን በአመዛኙ አስታወሱ እንጂ አልጠየቁም ብዬ አምናለሁ። በዚህች ቡሌቲን ላይ መጻፍ የፈለግሁትም ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እናስታውስ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ታማሚው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መጋቢት 27 ቀን የመጀመሪያው ሞት ተነገረ፤ መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ መሠረት አራትና ከዚያ በላይ ሆኖ መሰብሰብ ተከለከለ፤ እጅ ለእጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ በሕዝብ መገልገያ ቦታ ጭምብል ግዴታ ሆነ፤ ታክሲና አውቶቡስ በግማሽ ሰው እንዲጭኑ ታዘዘ። በሌላ በኩል አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ተደነገገ። ደንቡን የጣሰ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ቅጣት ይጠብቀው ነበር።

እንግዲህ ሕዝቡ ይህን ሁሉ ሲሰማ ምን አለ? እውነቱን እንናገር ካልን፣ እሺ ነው ያለው። “እሺ ይበልጣል ከሺ” የሚል ሕዝብ አይደል? ሰላምታ ስንሰጥ ጉንጭና ትከሻ የማይበቃን ሰዎች፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ በክርንና በእግር ጫፍ ሰላም መባባል ለመድን። ወጣቶች ከኪሳቸው አዋጥተው በርሜልና ጀሪካን ገዝተው መንገድ ዳር አቆሙ፤ አላፊ አግዳሚውን “እጅዎን ይታጠቡ” እያሉ በፀሐይ ዋሉ። ኪራይ የማሩ፣ ቤታቸውንና ሕንፃቸውን ለለይቶ ማቆያ የሰጡ ሰዎች ነበሩ። ማዕድ ማጋራት የሚለው ነገር የሰፈር ወሬ ሆነ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው ፋሲካ በቤት ተከበረ፤ ቅዳሴው በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተሳልመው የሚመለሱ እናቶችን ሁላችንም አይተናል። ሙስሊም ወገኖቻችንም የረመዳንን ወር ያለ መስጊድ ተራዊህ አሳልፈው ግንቦት 16 ቀን ዒድን ያለ ስታዲየም ሰላት አከበሩ። ለአንድ አማኝ ሕዝብ ከዚህ የሚበልጥ እሺታ ከየት ይመጣል?

አንድ ነገር ልጨምር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ “ኅዳር ሲታጠን” እንላለን። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. አገሩን ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ከመቶ ዓመት በላይ ማለት ነው። ቆሻሻ ማቃጠሉ ለጤና ይበጃል አይበጅም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ይህን ሕዝብ ፖሊስ ቆሞ አያስጨስውም፤ ቅጣትም የለውም። ምክንያቱ የገባውንና የራሱ ያደረገውን ነገር መቶ ዓመት የሚጠብቅ ሕዝብ፣ በሦስት ወር ውስጥ “ተዘናጋ” ሲባል ቢያንስ “ለምን?” ተብሎ መጠየቅ ነበረበት።

ይሁንና በእሺታው ውስጥ ቁጣ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ነበረ። የመጀመሪያው ቁጣ ግን ከፍርሃት የመጣ ነበርና የሄደው ወደ ተሳሳተ ሰው ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች የውጭ ዜጎች መንገድ ላይ “ኮሮና! ኮሮና!” እየተባሉ ተሰደቡ፣ ድንጋይ የተወረወረባቸውም ነበሩ። በእንግዳ አክባሪነቱ የሚኮራ አገር ላይ ይህ መሆኑ ያሳፍራል። በዚያው ሰሞን የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ሕዝቡም ፊቱን ወደ ነጋዴው አዞረ። ከሳዑዲ ዓረቢያና ከሌሎች አገሮች ተባረው የመጡ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ለ14 ቀን ተለይተው ሲቆዩ ደግሞ በሹክሹክታ “በሽታውን ያመጡት እነሱ ናቸው” ተባለ። ቁጣ ትክክለኛውን አድራሻ ካላገኘ ደካማው ላይ ያርፋል። አድራሻውን ማሳየት ደግሞ የጋዜጠኛ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ቁጣ ቀስ ብሎ የመጣው ነው። ይሄኛው ከሆድ የመጣ ነው። መንግሥትም ቢሆን ችግሩን አላጣውም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. እንደ ሀብታሞቹ አገሮች ሙሉ በሙሉ መዝጋት እንደማይቻል የተናገሩት፣ ብዙ ዜጋ ቤት የሌለው፣ ቤት ያለውም የዕለት ጉርሱን በየቀኑ ወጥቶ የሚያገኝ መሆኑን ጠቅሰው ነበር። ትክክል ነው። ግን የዕለት ጉርሱን ወጥቶ የሚያገኘው ሰው ሲወጣ ምን ገጠመው? ታክሲው ግማሽ ሰው ሲጭን ታሪፉ ጨመረ። ወረፋው ረዘመ። ወረፋው ላይ ደግሞ ሰው ተጠጋግቶ ስለቆመ “አካላዊ ርቀት አልጠበቀም” ተባለ። እጅህን ቶሎ ቶሎ ታጠብ ሲባል፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ሰው ጀሪካኑን አየ። በእኛ ሰፈር ጉሊት የሚቸረችሩ አንዲት እናት ነበሩ፤ “ልጄ፣ ይሄ ውሃ እኮ የወጥ ነው፣ ታጥቤ ልድፋው?” ይሉ ነበር። እኚህ እናት ተዘናግተዋል? የእጅ መታጠቡን ጥቅም ከእኔ በላይ ያውቁታል። የሌላቸው ውሃው ነው።

የአንድ ክፍል ቤት ነገርም አለ። ስድስት ሰባት ሰው በአንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ሆኖ “ቤታችሁ ተቀመጡ” የሚል መልእክት ሲሰማ ምን ሊል ይችላል? ወጣቱ ደጅ ይወጣል፤ ደጅ ሲወጣ ይያዛል። በግንቦት 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጭምብል አላደረጋችሁም ተብለው ከ1,000 በላይ ሰዎች እንደተያዙ ተዘግቧል። እስቲ እንደ ጋዜጠኛ እናስብ፤ አካላዊ ርቀት እንዲጠበቅ ብሎ ሰው ሰብስቦ ማሰር ራሱ ጥያቄ አያስነሳም? የተያዙት የት ተቀመጡ? ስንት ሆነው? ከመካከላቸው ጭምብል መግዣ ያጣው ስንቱ ነው? እኔ የማስታውሳቸው ዜናዎች ቁጥሩን ነግረውን “ኅብረተሰቡ ከመዘናጋት እንዲቆጠብ” አሳስበው ያልፉ ነበር።

በነገራችን ላይ ሰው የሚናደደው መመሪያ ስለከበደበት ብቻ አይደለም። የሌሎች አገሮችን ታሪክ ስናይ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከጎረቤታችን ከኬንያ እንጀምር። ኬንያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 2020 የሰዓት እላፊ አወጀች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፖሊስ ሰው ደበደበ፤ በናይሮቢ ሰገነት ላይ የቆመ የ13 ዓመት ልጅ ሰዓት እላፊውን በሚያስከብሩ ፖሊሶች ጥይት ተመትቶ ሞተ። ሰዉ የተቆጣው በሰዓት እላፊው ሳይሆን በዱላውና በጥይቱ ነው። ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ራሳቸው ለተፈጸመው ከልክ ያለፈ ድርጊት ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። ከበሽታ ለማዳን የወጣ ሕግ ጤነኛ ልጅ ሲገድል፣ እሺታ ከየት ይመጣል?

ወደ እንግሊዝ እንሂድ። እዚያም ሰዉ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 23 ቀን 2020 ጀምሮ ቤቱ ተቀመጠ፤ አባትና እናቱን ሆስፒታል ሄዶ ሳይሰናበት የቀበረው ብዙ ነው። ቁጣው የፈነዳው መቼ ነው? የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋና አማካሪ ዶሚኒክ ከሚንግስ በዚያ እገዳ መካከል ቤተሰቡን ይዞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳቱ በግንቦት ወር ሲታወቅ ነው። በኋላም በጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያና ጽሕፈት ቤት ግብዣ ሲደረግ እንደነበር ተጋለጠ። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 2021 በባለቤታቸው ቀብር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ዓለም አይቷል፤ በዋዜማው ምሽት ግን በዚያው ጽሕፈት ቤት ሰዎች እየጠጡ ነበር። ቦሪስ ጆንሰን በ2022 ቅጣት ከፈሉ። ልብ በሉ፤ ይህን ያወጡት ጋዜጠኞች ናቸው። ቁጣውን እነሱ አልፈጠሩትም፤ አድራሻውን ግን አሳዩት።

ሦስተኛው ቻይና ነው። የቻይና ሕዝብ ከማንም በላይ የጠበቀ እገዳ ለሦስት ዓመት ያህል ተሸክሟል። በውጭ ሲታይ “ተቀብሎታል” ያሰኛል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 2022 በኡሩምቺ ከተማ አንድ ሕንፃ ተቃጥሎ 10 ሰዎች ሞቱ። ባለሥልጣናቱ ቢያስተባብሉም፣ ብዙ ሰው እገዳው ለማምለጥና ለማዳን እንቅፋት ሆኗል ብሎ አመነ። በቀናት ውስጥ በሻንጋይና በሌሎች ከተሞች ሰዎች ባዶ ነጭ ወረቀት ይዘው ወጡ። ወረቀቱ ላይ ምንም አልተጻፈም። ምክንያቱም እንዳይጻፍ የተከለከለውን ሁሉም ያውቀዋል። ታኅሣሥ 7 ቀን መንግሥት እገዳውን በሰፊው አላላ። እኔ ከዚህ የተረዳሁት፣ ዝምታን እንደ እሺታ የቆጠረ መንግሥት ቁጣውን የሚያውቀው ደጃፉ ላይ ሲደርስ መሆኑን ነው። በእኛም “ሆድ ይፍጀው” የሚባል ነገር አለ። ሆድ የፈጀው ነገር ግን ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባል የለ?

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት መጠናቀቁ ሲነገር ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ። ደስታው የሁላችንም ነበር፤ ማንም አይጸጸትበትም። ነገር ግን አዋጁ ያን ጊዜ አላበቃም ነበር። ከሁለት ወር በፊት ለጭምብል የተያዘ የቀን ሠራተኛ ያንን አይቶ ምን ብሎ ያስብ? “አዋጁ ለእኔ ነው እንዴ?” ቢል ይፈረድበታል? በነሐሴ 2012 ሊደረግ የነበረው ምርጫም በወረርሽኙ ምክንያት ተራዝሞ በሰኔ 2013 ተካሄደ፤ መራዘሙን የተቀበሉ እንዳሉ ሁሉ አጥብቀው የተቃወሙም ነበሩ፤ ጉዳዩም ከጤና ጥያቄነት አልፎ የፖለቲካ ውዝግብ ሆነ። ሰው ሕጉ ለሁሉም እኩል መሆኑን ሲጠራጠር፣ በሽታው ራሱ “እውነት ነው ወይስ ፖለቲካ?” ወደሚል ጥርጣሬ ይገባል። ያን ጥርጣሬ በታክሲ ውስጥ ያልሰማ አለ? ታዲያ ይህን መዘናጋት ብሎ መጥራት ጥያቄውን መሸሽ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ መከራከሪያ እንዳለ አውቃለሁ። አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ “በወረርሽኝ ጊዜ ጋዜጠኛ ምሬት ካስተጋባ ሰዉ ይባስ ሕግ ይጥሳል፤ ያን ጊዜ ሥራው ከመንግሥት ጋር ሆኖ ሕይወት ማዳን ነው” ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በሽታው ቀልድ አልነበረም፤ በአገራችን በይፋ የተመዘገበው ሞት ብቻ ከ7,500 በላይ ነው። የሐሰት ወሬም ይገድላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መንግሥት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መቃብር እንዲዘጋጅ አዟል የሚል ወሬ ያሰራጨ ጋዜጠኛ ታስሮ ነበር፤ ጤና ሚኒስቴር ወሬው ሐሰት ነው ብሏል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰት መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የወጣውም በዚያው ወር ነው። ሰውን በወሬ ማስደንገጥ ጋዜጠኝነት አይደለም፤ እስራቱ መፍትሔ ነበር ወይ የሚለው ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ግን ወሬና ምሬት ለየቅል ናቸው። “መቃብር እየተቆፈረ ነው” ማለት ወሬ ነው። “የሰፈራችን ውሃ ከመጣ አምስት ቀን ሆነው፣ በምን እንታጠብ?” ማለት ምሬት ነው። የመጀመሪያው መጣራት አለበት፤ ሁለተኛው መሰማት አለበት። ምሬቱ በዜና ቢሰማ ውሃ የሚልከው መሥሪያ ቤት ይሰማዋል፤ ቦቴ ይላካል፤ ሰዉ ይታጠባል። ሕይወት የሚድነው እንዲህ ነው። መንገድ ዳር የቆሙት የመታጠቢያ በርሜሎች ከጥቂት ወራት በኋላ ባዶ ሆነው አቧራ ሲለብሱ ብዙዎቻችን አይተናል። ዜናው “ሕዝቡ እጅ መታጠብ ተወ” የሚል ነበር። በርሜሉን ማን ይሞላው ነበር? የመሙያው ገንዘብ መቼ አለቀ? የሚለውን የጠየቀ ዘጋቢ ቢኖር ኖሮ፣ ዜናው ሌላ በሆነ ነበር። ደግሞስ “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ሲባል ለሰውነት በሽታ ብቻ ነው ያለው ማነው?

የጤና ሚኒስትሯ የነበሩት ዶ/ር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያወጡት ቁጥር ነበር፤ የተመረመረ፣ የተያዘ፣ ያገገመ፣ የሞተ። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ቁጥሩን በግልጽ መናገር መተማመን ይፈጥራል። የእኛ ሙያ ጉድለት ግን ከቁጥሩ ሳይወጣ መቅረቱ ነው። ዜናው ቁጥሩን አንብቦ፣ ከቁጥሩ በኋላ ሕዝቡን ወቅሶ ያበቃል። በመካከል መኖር የነበረበት ሰው የለም። “ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው” የሚለው ተረት የዜና ፍልስፍና ሆነ ማለት እኮ ነው።

በበኩሌ ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን ሦስት ነገር ማቅረብ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሕዝብ ባሕርይ የሚናገር ዜና ስንሠራ “ኅብረተሰቡ” ከማለታችን በፊት ቢያንስ ሦስት ሰው እናናግር። ከሦስቱ አንዱ ሕጉን ያልጠበቀ ሰው ይሁን። ለምን እንዳልጠበቀ ይናገር። መልሱ ሰበብ ሊሆን ይችላል፤ ሰበብ መሆኑን ግን ሳንሰማ እንዴት እናውቃለን?

ሁለተኛ፣ ሕጉ የታዘዘውን ሰው ብቻ ሳይሆን ያዘዘውንም እንከታተል። ጭምብል የሌለውን ሊስትሮ ከመቅረጽ፣ አዳራሽ ሞልተው የሚሰበሰቡ ሹማምንት ርቀት ጠብቀው እንደሆነ መቅረጽ ለሕዝብ የበለጠ ይጠቅማል። ሰው መመሪያውን የሚለካው በመሪው ነው።

ሦስተኛ፣ መምህሮቻችን የጤና ዘገባ የሚባለውን ነገር በኮርሶቻችን ውስጥ ቦታ ቢሰጡት። የኮሮና ወረርሽኝ ዓለም አቀፍ የጤና ስጋትነቱ ማብቃቱ የተነገረው በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወረርሽኝ የሚባል ነገር ግን አላበቃም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ ሲነገር ሁላችንም ደነገጥን። ወደፊትም ሌላ አይመጣም የሚል የለም። ሲመጣ ማይክሮፎን ይዘን የምንቆመው እኛ ነን።

ለዚያ ቀን “መዘናጋት” የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላት እንፋቀው አላልኩም። የሚዘናጋ ሰው አለ፤ ሲኖር እንናገራለን። ነገር ግን ቃሉን ከመጠቀማችን በፊት ሰውየውን እንጠይቀው። ምናልባት ረስቶ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ጀሪካኑ ባዶ ሆኖበት፣ ወይም ሕጉን ያወጣው ሰው ሕጉን ሲጥስ አይቶ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ለይቶ የሚነግረው ጋዜጠኛ ያለው አገር፣ ሕዝቡም እሺ ሲል ከልቡ ይላል፤ መንግሥቱም እምቢታውን በጊዜ ይሰማል።

ቸር ወሬ ያሰማን።